ሹመይሲ ሆነው ለሚያዩት፦ የዛሬው የሪያድ የቼዝ ፍጻሜ፣ ካርልሰን ከፊሩዝጃ

ዛሬ ዓርብ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም በሪያድ ቡሌቫርድ ሲቲ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በመካከላቸው የእንጨት ሰሌዳ የለም። በየፊታቸው ኮምፒውተር፣ በእጃቸው ማውስ ይዘዋል። አንዱ የኖርዌዩ ማግኑስ ካርልሰን ነው፤ ቲም ሊኩዊድ የተባለውን ክለብ ወክሎ ይጫወታል። ሌላው በኢራን ተወልዶ አሁን ለፈረንሳይ የሚጫወተው አሊሬዛ ፊሩዝጃ ነው፤ የለበሰው ማሊያ ግን የሪያዱ ቲም ፋልከንስ ነው። ጨዋታው ቼዝ ሲሆን መድረኩ የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ ነው። አሸናፊው 250 ሺህ ዶላር፣ ተሸናፊው 190 ሺህ ዶላር ይወስዳሉ።

ይህን የሚያነቡት ሹመይሲ ሆነው ከሆነ፣ ውድድሩ እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ውስጥ እየተካሄደ ነው። ምናልባት ቡሌቫርድን የሚያውቁት በሹፌርነት ሰው አድርሰው ሲመለሱ ይሆናል፤ ምናልባትም ስሙን ሰምተው ደጁን አላዩትም። ሹመይሲ የአሮጌው ሪያድ ሰፈር ነው። በውስጡ ያለውን የንጉሥ ሳዑድ ሜዲካል ሲቲ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በሰፈሩ ስም «ሹመይሲ ሆስፒታል» እያለ ይጠራዋል። ቡሌቫርድ ሲቲ ያለው ደግሞ በሰሜን በኩል፣ ሂጢን በሚባለው አዲስ ሰፈር ነው። ለማየት እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጨዋታው በዩቲዩብና በቼስ ዶት ኮም በነጻ በቀጥታ ይተላለፋል፤ አንድ ስልክና ዋይፋይ ይበቃል። ዓርብ የእረፍት ቀንዎ ከሆነ፣ ከጁምዓ በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ቤት መዋልዎ አይቀርምና ጊዜውም ይመቻል።

«ቼዝ ምን ያሳየኛል?» ካሉ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ቼዝ ቀርቶ ዳማ በቆርኪ ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ይህን ግጥሚያ ሊከታተሉት የሚችሉበት ምክንያት ግን አለ። በሁለቱ ክለቦች መካከል ካለፈው ዓመት የተረፈ ቁርሾ አለ፤ በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ደግሞ ከዚያም የሚቀድም ያልተቋጨ ጉዳይ አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ክለቦች

ኢስፖርት የሚለው ቃል ለእርስዎ አዲስ ከሆነ በአጭሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚደረግ ጨዋታ ክለብ፣ አሰልጣኝ፣ ደመወዝ፣ ማሊያና ደጋፊ ሲኖረው ኢስፖርት ይባላል። እግር ኳሱ አለ፤ የመኪና ውድድሩ አለ፤ ተኩሱ አለ። የበረዶ ሆኪ እንኳ አለ። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል በ2018 የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጌም የዓለም ሻምፒዮና በላስ ቬጋስ ሲያዘጋጅ፣ ኤሪክ ታመንፓ የተባለ የፊንላንድ ወጣት አሸንፎ 50 ሺህ ዶላር ወስዷል። በረሃ መካከል በተቆረቆረች ከተማ፣ እግሩ በረዶ ሳይረግጥ የሆኪ ሻምፒዮን ሆነ ማለት ነው። የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ሆኪ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቆልማማ ዱላ ይዞ አንዲት ጥንግ ተከትሎ ሜዳ ሙሉ ሰው የሚሯሯጥበት ነውና። የሪያዱ ዝርዝር ውስጥ ግን ሆኪ የለም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨመረው ቼዝ ነው።

የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ መጀመሪያ የተካሄደው በ2024 በዚሁ በሪያድ ነበር። የዘንድሮው ሁለተኛው ሲሆን ከጁላይ 7 እስከ ኦገስት 24 ይቆያል፤ ለሽልማት የተመደበው ገንዘብ በጠቅላላው ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቼዙ ብቻውን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይዟል።

ውድድሩን ከሌሎች የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ይህን ካልያዙ የዛሬው ግጥሚያ ግማሹ ያመልጥዎታል። በየጨዋታው ከሚሰጠው ሽልማት ሌላ የክለቦች ሻምፒዮና የሚባል አለ። አንድ ክለብ በተኩሱም፣ በእግር ኳሱም፣ በቼዙም ያገኘው ውጤት ይደመራል። በአንድ ጨዋታ አንደኛ የወጣ 1,000 ነጥብ፣ ሁለተኛ የወጣ 750 ነጥብ ያገኛል። በመጨረሻ ድምሩ የበለጠ ክለብ 7 ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል። እንደ ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ድርድር ቢያስቡት አይሳሳቱም፤ ልዩነቱ እዚህ አገሮች ሳይሆኑ ክለቦች መደርደራቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ኖርዌያዊ አንድ ወታደር ወደፊት ሲገፋ፣ በሌላ አዳራሽ ተኩስ የሚጫወቱ የክለቡ ልጆች ስልካቸውን ከፍተው ያዩታል። ነጥቡ የእነሱም ነው።

ባለፈው ዓመት ይህን የክለቦች ሻምፒዮና የወሰደው ፋልከንስ ነበር። ሁለተኛ የወጣው ሊኩዊድ። ቁርሾ ያልነው ይህን ነው።

ፋልከንስን የመሠረተው ሳዑዲያዊው ሙሳዕድ አል ዶሰሪ ነው። በጨዋታ ስሙ «ኤምኤስ ዶሰሪ» ይባላል። በኦገስት 2018 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ለንደን ውስጥ በኦቱ አዳራሽ የፊፋን የኤሌክትሮኒክ የዓለም ዋንጫ አሸንፏል። ያኔ የተሸለመው 250 ሺህ ዶላር ነበር፤ ዛሬ የቼዙ አሸናፊ የሚያገኘው ገንዘብ ልክ ያን ያህል ነው። አንድ ልጅ በጆይስቲክ ያገኘው ድል በሳዑዲ ወጣቶች ዘንድ ምን ያህል እንደተወራ ያኔ እዚህ የነበሩ ሰዎች ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ራሱ ገባበት። ሳቪ ጌምስ የተባለው የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ኩባንያ በ2022 ሁለት ትልልቅ የኢስፖርት ድርጅቶችን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። የዓለም ዋንጫው የታወጀው ደግሞ በኦክቶበር 2023 ነው።

ሊኩዊድ ሌላ ዓይነት ታሪክ አለው። በ2000 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቪክቶር ሆሰንስ የተባለ ሰው ስታርክራፍት የተሰኘውን ጨዋታ ከሚወዱ ጓደኞቹ ጋር የጀመረው ቡድን ነው። ያኔ ደመወዝ የለ፣ ስታዲየም የለ። ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ክለቦች አንዱ ነው። ቼዝ ወደ ሪያድ እንደሚመጣ ሲታወቅ ሊኩዊድ ካርልሰንን እና አሜሪካዊውን ፋቢያኖ ካሩዋናን አስፈረመ፤ ፋልከንስ ደግሞ ፊሩዝጃን እና ሌላውን አሜሪካዊ ሂካሩ ናካሙራን። ሁለቱ ክለቦች ሁለት ሁለት የዓለም ምርጥ ተጫዋቾችን ተካፍለው ተፋጠጡ። ፍጻሜው በሁለቱ መካከል ቢሆን ማንም አይደነቅም ነበር፤ ሆነም።

ያልተቋጨው ጉዳይ

ካርልሰን 34 ዓመቱ ነው። በ2013 ሕንድ ቼናይ ላይ ቪስዋናታን አናንድን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ማንም ከዙፋኑ አላወረደውም። የወረደውም በራሱ ፈቃድ ነው።

ፊሩዝጃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ2003 በካስፒያን ባሕር አቅራቢያ ባቦል በምትባል የኢራን ከተማ ተወለደ። በ12 ዓመቱ የኢራን ሻምፒዮን ሆነ። አሥራ ሁለት! በ2019 ማብቂያ ላይ ሞስኮ በተደረገው የዓለም ፈጣን ቼዝ ሻምፒዮና፣ የኢራን ፌዴሬሽን ተጫዋቾቹ እስራኤላውያንን እንዳይገጥሙ ብሎ ቡድኑን ሲያስቀር ልጁ ብቻውን በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሰንደቅ ሥር ተጫወተ። በፈጣን ቼዝ ከካርልሰን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ወደ አገሩ ቡድን አልተመለሰም፤ በ2021 ፈረንሳዊ ሆነ።

አገር ጥሎ ወጥቶ በሌላ አገር ስም መሥራት ምን እንደሚመስል ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ እሱ ታሪኩን በሰሌዳ ላይ መጻፉ ነው። በኖቬምበር 2021፣ በ18 ዓመቱ፣ የቼዝ ደረጃው 2,800 ተሻገረ። ይህን ያደረገ ከእሱ ያነሰ ሰው በዓለም ታሪክ የለም። ክብረ ወሰኑ እስከዚያ ድረስ የካርልሰን ነበር።

በዚያው ሰሞን ካርልሰን ዱባይ ላይ ሻምፒዮንነቱን አስጠብቆ ሲያበቃ ያልተጠበቀ ነገር ተናገረ። ተፎካካሪዬ ፊሩዝጃ ካልሆነ በቀር ይህን ዘውድ ለመከላከል ዳግም መቀመጤን እጠራጠራለሁ ሲል አሳወቀ። እስቲ ያስቡት፤ የ18 ዓመት ልጅ ነዎት፣ የዓለም ቁጥር አንድ «ከአንተ ጋር ከሆነ ብቻ» ይላል። ክብርም ሸክምም ነው። ልጁ በቀጣዩ ዓመት ማድሪድ ላይ ተፎካካሪውን በሚለየው ውድድር ስድስተኛ ወጣ። ከዚያ ውድድር ሰዎች አብዝተው የሚያስታውሱት ውጤቱን አይደለም። በውድድሩ ማብቂያ ላይ፣ በነጋታው ጨዋታ እያለበት፣ ሌሊቱን ሙሉ በኢንተርኔት የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ሲጫወት አደረ። ብዙዎች «ያልበሰለ» አሉት። ካርልሰን ዘውዱን ትቶ ሄደ፤ ሁለቱ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሳይገናኙ ቀሩ።

ያኔ እንደ ድክመት የተቆጠረበት ያ የሌሊት ሱስ ዛሬ ሥራው ሆኗል። ፋልከንስ የሚከፍለው እንዲህ ያለውን ልጅ ነው፤ ማውስ በእጁ የለመደ፣ በስክሪን ላይ የሚያስብ፣ ሰከንድ የማይፈራ። የኢራን ተወላጅ በሳዑዲ ክለብ ማሊያ፣ በሪያድ መድረክ ላይ መሆኑም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን የቀጠሉት በማርች 2023 በቤጂንግ በተደረሰ ስምምነት ነው፤ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ኤምባሲ ዘግተው ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሳዑዲያዊ ወጣት ዛሬ ለእሱ ነው የሚጮኸው።

አንድ ነገር ግን ለፊሩዝጃ ደጋፊዎች መራራ ነው። ሁለቱ ሰዎች በፍጥነት ቼዝ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 ፓሪስ ላይ በተደረገ የፍጥነት ቼዝ ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ በፊሩዝጃ መኖሪያ አገር፣ በፈረንሳይ ሕዝብ ፊት፣ ካርልሰን 23 ተኩል ለ 7 ተኩል አሸንፎታል። ይህ ሽንፈት ብቻ አይባልም፤ ድብደባ ነው።

እዚህ እንዴት ደረሱ?

በግማሽ ፍጻሜው ካርልሰን የፋልከንሱን ናካሙራን 3 ለ 1 ረታ። ናካሙራ ቢያሸንፍ ኖሮ ፍጻሜው የፋልከንስ የቤት ጉዳይ ሆኖ፣ ሊኩዊድ ከዳር ሆኖ ያይ ነበር። በሌላ በኩል ፊሩዝጃ ሕንዳዊውን አርጁን ኤሪጋይሲን 4 ለ 0 ሸኘው። አርጁን በዓለም ደረጃ ከአምስቱ ምርጦች ተርታ የሚመደብ ተጫዋች ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ አራት ለባዶ የሚባል ውጤት እምብዛም አይታይም። ልጁ በጥሩ ብቃት ላይ ነው ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይጠየቅም።

ማን ያሸንፋል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት ካርልሰን ነው፤ ግን እንደ ፓሪሱ አይሆንም። ምክንያቱ ሰዓቱ ነው።

አሥር ደቂቃ፣ ጭማሪ የለም

ቼዝ ባይችሉም ይህችን ክፍል ያንብቡ፤ ስልክዎ ላይ የሚያዩትን ግማሹን ታስረዳዎታለች።

እያንዳንዱ ተጫዋች ለጠቅላላው ጨዋታ አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል። በአብዛኞቹ ትልልቅ ውድድሮች አንድ ተጫዋች ጠጠር ባንቀሳቀሰ ቁጥር ጥቂት ሰከንድ ይጨመርለታል፤ ቢጣበብ እንኳ ትንፋሽ ያገኛል። በሪያድ ይህ የለም። አሥር ደቂቃው ካለቀ አለቀ። ሰሌዳው ላይ እያሸነፈ ያለ ሰው ሰዓቱ ዜሮ ከደረሰ ይሸነፋል። የቼዝ ሊቃውንት ይህን አሠራር ሁሉም አይወዱትም፤ «ቼዝ ነው ወይስ የጣት ፍጥነት?» የሚሉ አሉ። አዘጋጆቹ የፈለጉት ግን ይህንኑ ይመስላል፤ ተመልካች ቁጭ ብድግ እንዲል።

ካርልሰን የሚታወቀው ምንም የሌለ በሚመስልበት ቦታ ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ጥቂት ጠጠር ቀርቷቸው፣ ሌላው ሰው «እኩል እንለያይ» በሚልበት ጊዜ እሱ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይጨምቃል፤ ተጋጣሚው ሲደክም አንዲት ስሕተት ይሠራል፤ አበቃ። አሥር ደቂቃ ሲሆን ግን መጭመቂያው ጊዜ ከየት ይመጣል? ፊሩዝጃ ደግሞ ከመነሻው እሳት የሚለኩስ ዓይነት ነው፤ ጠጠር መስዋዕት አድርጎ ንጉሡን ያሳድዳል። ሰዓት ሲያልቅ ማጥቃት ከመከላከል ይቀላል። የልጁ ዕድል ያለው እዚያ ነው። የካርልሰን ብልጫ ግን በልምድ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱ ሰላሳ ሰከንድ ሲቀረው እጁ አይንቀጠቀጥም። ሌሎች ሲጣደፉ እሱ ሲጣደፍ አይታይም።

ስለዚህ ሲመለከቱ መጀመሪያ ዓይንዎን ሰሌዳው ላይ አይጣሉ። ሰዓቶቹን ይዩ። አንዱ አምስት ደቂቃ፣ ሌላው ሁለት ደቂቃ ከቀረው ችግር አለ። ቀጥሎ በሰሌዳው ጎን ያለችውን ነጭና ጥቁር ዘንግ ይዩ። ኮምፒውተሩ ማን እንደሚመራ የሚያሳይበት ናት፤ ነጩ ከፍ ካለ ነጩን የያዘው እየመራ ነው። ዘንጓ በድንገት ስትገለበጥ አንዱ ስሕተት ሠርቷል ማለት ነው። ተንታኞቹ ሲጮኹ ይሰማሉ፤ እንግሊዝኛውን ባይከተሉ እንኳ ጩኸቱ ይነግርዎታል። ሦስተኛ፣ ተጫዋቾቹ ሰዓት ሲጣበባቸው ተጋጣሚያቸው ሳይጫወት የራሳቸውን ቀጣይ እርምጃ አስቀድመው በማውስ ያዝዛሉ። ተጋጣሚው የገመቱትን ከተጫወተ ምንም ሰከንድ አይቆጠርባቸውም፤ ሌላ ከተጫወተ ግን ንግሥታቸውን በከንቱ ሊያስበሉ ይችላሉ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይህ አይቻልም። ይህን ጨዋታ ኢስፖርት ያሰኘው አንዱ ይኸው ነው።

ሰንጠረዥ

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ጨዋታ ለእኛ የባዕድ አይደለም።

አሠሪዎ ቼዝን «ሸጠረንጅ» ብለው ሲጠሩት ሰምተው ይሆናል። የእኛ አባቶች ደግሞ «ሰንጠረዥ» ይሉት ነበር። ቃሉ አንድ ነው፤ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ በኩል ኢትዮጵያ ደርሷል። ዛሬ እኛ ሰንጠረዥ ስንል ጨዋታውን ረስተን መስመርና ዓምድ ያለውን ዝርዝር ነው የምንለው። ፋልከንስና ሊኩዊድ የሚፋለሙበት የደረጃ ሰንጠረዥ ስሙን ያገኘው ከዚያ ከተረሳ ጨዋታ ነው።

በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ማለትም በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ሕንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ ራሱ ሰንጠረዥ ወዳጅ ሆነው አግኝቷቸዋል። የእኛው ሰንጠረዥ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም፤ ጨርቅ ላይ መስመር ይሰመርና ጠጠሮቹ ይደረደራሉ። ተመልካቹም ዝም አይልም ነበር፤ «ፈረሱን! ፈረሱን አውጣ!» እያለ በዙሪያው ይማከራል። ዛሬ በቀጥታ ሥርጭቱ ጎን ሰው ሁሉ የሚጽፈውን አስተያየት ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አጀማመሩ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን ቼዝ ታሪክ ሲጽፉ እንዳብራሩት፣ የሰንጠረዥ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፤ ዓይናቸው ግን በተጋጣሚያቸው አሰላለፍ ላይ ነው፤ እሱ ሲለውጥ እነሱም ይለውጣሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል። በዓለም ላይ ካሉ የቼዝ ዓይነቶች ይህን ያደረገ ሌላ ማግኘት ይቸግራል። ተጫዋቾቹ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበት፣ ፍጥነትና ንቃት አብረው የሚፈተኑበት ጨዋታ ማለት ስታርክራፍት ነው፤ ሊኩዊድ የተመሠረተበት ጨዋታ። የራስ ወልደ ሥላሴ አደባባይ ዛሬ ቡሌቫርድ ውስጥ ቢተከል ብዙም አይደናገርም ነበር።

አሸናፊነትም ሥርዓት ነበረው። ንጉሡን በጠንካራ ጠጠር፣ በፈረስ ወይም በግንብ፣ ማሰር ብዙ ክብር አያሰጥም። የሚያስመሰግነው በደካሞቹ፣ በተለይ በወታደሮቹ፣ ማሰር ነው። ዛሬ ፊሩዝጃ ካርልሰንን በወታደር ቢያስር ማንም ተጨማሪ ነጥብ አይሰጠውም፤ እርስዎ ግን ቢያጨበጭቡለት ያምርብዎታል።

ሪያድና ቼዝ

ቼዝ በዚህ ከተማ ሁልጊዜ እንዲህ በአደባባይ አልነበረም። በጃንዋሪ 2016 የሳዑዲ ዋና ሙፍቲ ሼኽ አብዱልአዚዝ አል ሸይኽ ቼዝ ጊዜና ገንዘብ የሚያባክን፣ ጥላቻ የሚፈጥር ጨዋታ ነው በማለት እንደማይፈቀድ ተናግረው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 2017፣ በንጉሥ ሰልማን ስም የተሰየመ የዓለም የፈጣንና የብሊትዝ ቼዝ ሻምፒዮና ሪያድ ላይ ተካሄደ። ያኔም ጭቅጭቅ አላጣውም። የእስራኤል ተጫዋቾች ቪዛ ተከለከሉ፤ የሁለት ዘርፍ ሻምፒዮን የነበረችው ዩክሬናዊቷ አና ሙዚቹክ በሴቶች ላይ ባለው ገደብ ምክንያት አልመጣም ብላ ሁለቱንም ዘውዶቿን አጣች። በዚያ ውድድር ብሊትዙን ያሸነፈው ካርልሰን ነው። ሪያድን ያውቃታል፤ አሸንፎባትም ያውቃል። አሁን ደግሞ የውድድሩ አምባሳደር ሆኖ ነው የመጣው።

የገንዘቡም ነገር አለ። 250 ሺህ ዶላር ማለት 937,500 ሪያል ነው። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ እህታችን ይህን ለመሰብሰብ 78 ዓመት ትሠራለች፤ ምንም ሳትበላ፣ ምንም ለቤተሰብ ሳትልክ። ካርልሰን ወይም ፊሩዝጃ በጥቂት ሰዓት ያገኙታል። ይህን የምናነሣው ተጫዋቾቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የለፉበት ነው። ይሁን እንጂ ከሹመይሲ ሆኖ ቡሌቫርድን የሚመለከት ሰው ይህን ሒሳብ በልቡ ሳያሰላ አይቀርም፤ እኛም ሳናሰላ ብንቀር ያስተዛዝበን ነበር።

ከመጀመሩ በፊት

ፍጻሜው በዙር ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ ዙር እስከ አራት ጨዋታ ይደረጋል፤ ሁለት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ያነሣል። ከፍጻሜው ሌላ ናካሙራና አርጁን ለሦስተኛነት ይጋጠማሉ፤ ናካሙራ የፋልከንስ ስለሆነ ይህኛውም ለሪያዱ ክለብ ደጋፊ ትርጉም አለው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ልብ ብለው ይከታተሉ። ፊሩዝጃ ከመጀመሪያው ሁለት ጨዋታ አንዱን ከወሰደ፣ የአዳራሹ ጩኸትና የፓሪሱ ቂም አንድ ላይ ሆነው ለካርልሰን ከባድ ቀን ይሆናል። ካርልሰን አንደኛውን ዙር በጸጥታ ከወሰደ ግን ነገሩ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ለአንድ ሆነው ሦስተኛ ዙር ካስፈለገ ምሽቱ ይረዝማል፤ ስልክዎን አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ።